ሁለት ማመልከቻ ለአንድ ቤት

ባሌ አርቮ ባንኩን የሚወደውን ያህል እኔን ቢወደኝ ኖሮ በየሳምንቱ አበባ ይዞልኝ ይገባ ነበር። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ከአባቱ ጋር ሄዶ የቁጠባ ደብተር ያወጣበት ባንክ ነው። ዛሬ ሃምሳ አንድ ሞልቶታል፣ የሌላ ባንክ ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። እዚህ ካናዳ፣ ተንደር ቤይ ከተማ ውስጥ የበረዶ መጥረጊያ መኪና ይነዳል፤ በዚያች ቅርንጫፍ በር ባለፈ ቁጥር ጡሩምባ ይነፋላታል።

በመጋቢት የምንገዛት ቤት አገኘን። ወጥ ቤቷ ጠባብ፣ ጣሪያዋም ያረጀ፤ ግን ጓሮዋ ውስጥ ሳውና፣ በእንጨት የሚሞቅ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት፣ አለ። ሃያ ሁለት ዓመት በኪራይ የኖርነው ፎቅ ላይ ነው፤ ሳውና የምንገባው የሰው ደጅ እየጠናን ነበር። ሻጩ ዋጋችንን ተቀበለ። ብድሩ እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ካልተፈቀደ ግን ቤቷ ተራ ለሚጠብቅ ሌላ ሰው ታልፋለች።

«ባንክ እንሄዳለን» አለ አርቮ።

«ዴል ጋ እንሂድ እንጂ» አልኩት። ዴል የቤት ብድር ደላላ ነው፤ ከዳቦ ቤቱ በላይ ባለች ቢሮ ተቀምጦ ለሰው ከየባንኩ ብድር ያፈላልጋል። እህቴንም ያስበደራት እሱ ነው።

«ስንት ይወስድብናል?»

«ከኛ ምንም። እሱን የሚከፍለው አበዳሪው ነው።»

«በነፃ የሚሠራ ደላላ! አንቺ ሴትዮ፣ ይሄን ሰምተሽ ታምኛለሽ?»

«አንተስ ሌላ ቦታ ሳትጠይቅ ዝም ብለህ ልትፈርም ነው?»

እናስብበት ተባባልን። ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ሹልክ ብዬ ዴል ጋ ሄድኩ። በዚያው ቀን አርቮም ፀጉሩን አበጥሮ ባንክ ሄዷል፤ እኔ የት አውቄ! ማመልከቻው የሁለታችንንም ፊርማ ይጠይቃል፤ እሱ እንኳን አላስቸገረንም። እኔ ከመኪናው ኢንሹራንስ ወረቀት ጋር ቀላቅዬ አስፈረምኩት፤ እሱ ደግሞ «የግብር ነው» ብሎ አስፈረመኝ። ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ስትኖሩ ማንበብ ይቀራል።

ሐሙስ ዴል ደወለ። «ኢርማ፣ ብድሩ ታግዷል። ለአንድ ቤት ሁለት ማመልከቻ ገብቶ፣ ማጭበርበር መስሏቸዋል።»

ማመልከቻዬን ወዴት የላከው ይመስላችኋል? ወደ አርቮ ባንክ! ባንኩ በደላላ በኩል ለሚመጣ ወለድ ይቀንሳል፤ ለኛ በመቶ አራት ተኩል ሊያደርግልን ነበር። የሠላሳ አምስት ዓመት ደንበኛውን አርቮን ግን በመቶ አምስት ብሎታል።

ተናደድኩ፣ አፈርኩም። ለአርቮ ነገርኩት፣ እሱም የራሱን ጉድ ነገረኝ። ከሁለታችን ማን የባሰ ሌባ እንደሆነ ስንጨቃጨቅ ሳቅ አመለጠን። ከዚያ ነገ ዓርብ መሆኑ ትዝ አለንና ሳቁ ጠፋ።

ዓርብ ጠዋት ባንክ ገባን። የአርቮን ፋይል የያዙት ወይዘሮ ዶሪን ናቸው፤ የመጀመሪያ ደብተሩን የጻፉለትም እሳቸው፣ ጡረታ ሊወጡ ስድስት ወር የቀራቸው ሴት።

«ከሁለቱ አንዱ መሰረዝ አለበት» አሉን።

«እኔ ከርስዎ ጋር ነኝ» አለ አርቮ። «አምስትም ቢሆን።»

በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት። ንቅንቅ አላለም።

ወይዘሮ ዶሪን መነጽራቸውን አወለቁ። «አርቮ፣ አባትህ የሞተ ጊዜ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጠህ አልቅሰሃል። ስለዚህ ዛሬ ስማኝ፤ የሚስትህን ውሰድ።»

«እርስዎስ?»

«ወለዱን ዝቅ አድርጉለት ብዬ ትናንት ሁለት ጊዜ ዋናው ቢሮ ደወልኩ። እምቢ አሉኝ። ብድሩ እስኪያልቅ ድረስ ከሚገባህ በላይ እንደምትከፍል እያወቅኩ ቤቴ ገብቼ ልተኛ? ልሰርዘው ወይስ አልሰርዘው?»

አርቮ ጭንቅላቱን በእሺታ ነቀነቀ። ወይዘሮ ዶሪን እሳቸው የያዙትን የአርቮን ማመልከቻ ሰረዙት። ከዚያ ስልኩን አንስተው ዴል ጋ ደወሉ። «ልጄ፣ መንገዱን ከፍቼልሃለሁ። እነዚህን ሰዎች ቤት ብታስቀርባቸው ዳቦ ቤቱ ድረስ እመጣልሃለሁ!»

አርቮ ሰው ማቀፍ አያውቅም፤ በሠርጋችን ቀን እንኳን እኔን ያቀፈኝ ፎቶ አንሺው ለምኖት ነው። ያን ቀን ግን ጠረጴዛውን ዞሮ ሄዶ ወይዘሮ ዶሪንን እቅፍ አደረጋቸው፣ እኔም ወገቤን ይዤ ልጣላ የገባሁት ሴትዮ አለቀስኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ብድሩ ተፈቀደ። ቁልፉን የተቀበልን ቀን አርቮ መጀመሪያ የደወለው ለወይዘሮ ዶሪን ነው፤ ለዴል እኔ ደወልኩለት።