ድር የማይነክሱ ጥርሶች

ሸማኔው ዓምሃ በሽሮ ሜዳ፣ እግሩን ከመሥሪያው ጉድጓድ ሰድዶ መወርወሪያ ሲወረውር ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶታል። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሦስተኛ እጁ ጥርሱ ነበር፤ ድር በተበጠሰ ቁጥር ጫፉን በፊት ጥርሶቹ ይዞ በጣቶቹ ይቋጥርና ትርፉን ቀጭ አድርጎ ይቆርጠዋል። ክሩ ግን ቀስ በቀስ ጥርሶቹን በላቸው። አምና የመጨረሻው የላይ ጥርሱ ሲወልቅ ቋጠሮ እያመለጠው ሥራው ተጓተተ።

የሸማኔዎቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ኢታና ክፉ ሰው አልነበረም፤ ኮታ ግን ኮታ ነው።

«ጓድ ዓምሃ፣ ይህን ጋቢ እስከ ቅዳሜ ካላስረከቡ መሥሪያው ለሌላ ይሰጣል። እርስዎም ከእናቶች ጋር ማግ ያጠነጥናሉ» አለው።

ዓምሃ ማግ ማጠንጠንን አልናቀም። ከጉድጓዱ የወጣ ሸማኔ ተመልሶ ሲገባ ግን አይቶ አያውቅም። ተስፋው ሁሉ ከሆስፒታል ባዘዘው ሰው ሠራሽ ጥርስ ላይ ነበር፤ አራት ወር ወረፋ ጠብቆ ረቡዕ ዕለት ተረከበው።

«አባቴ፣ ማታ ማታ አውልቀው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይዘፍዝፉት፤ የፈላ ውኃ ያጣምመዋል። ጠዋት በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና ይጠቡት። ሲያኝኩ በሁለቱም በኩል፤ በፊት ጥርሶቹ ጠንካራ ነገር እንዳይነክሱ» አለችው ሐኪሟ።

ሸማኔ መሆኑን አልነገራትም። ክርን ጠንካራ ነገር ነው ብሎ ማን ያስባል?

ሐሙስ ጠዋት ድር ተበጠሰ። ዓምሃ እንደ ልማዱ ጫፉን ነክሶ ሳብ ቢያደርገው፣ ክሩ በጥርሶቹ መካከል ተሰንቅሮ ኖሮ የላይ ጥርሱ በሙሉ ወጥቶ ከድሩ ላይ ተንጠለጠለ። አጠገቡ የሚሠራው ሸፊ መወርወሪያውን ጣለ።

«ጋሽ ዓምሃ! የርስዎ ድር ሰው ይነክሳል እንዴ?»

«ሥራህን ሥራ፣ አንተ ገልፋጣ!»

«ጥለት መስሎኝ እኮ ነው!»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ዓምሃም ሊስቅ ሞከረ፤ ድዱ ግን ቆስሏል። አጥቦ መልሶ አደረገውና አጥብቆ ቢነክስ የአንዱ ጥርስ ጫፍ ተሸረፈ።

ማታ ሚስቱ የዓለምወርቅ የተሸረፈውን በጣቷ ዳበሰችው።

«ጥርሱን የሰጡህ ለእህል ነው።»

«ሥራው ከቀረ እህሉ ከየት ይመጣል?»

ከልብስ ማስጫው ገመድ አንድ መቆንጠጫ አመጣች፤ ግማሽ ምላጭ በጨርቅ ጠቅልላ በሲባጎ አሰረችለት። «ይኸው፤ አንዱ ይይዝልሃል፣ አንዱ ይቆርጥልሃል።»

ዓርብ ጥርሱን ክዳን ባለው ኩባያ ውኃ ውስጥ ነክሮ ከጎኑ አኖረ። ክሩን በመቆንጠጫው ያዘ፤ ቋጠረ፤ በምላጩ ቆረጠ። አንድ ቋጠሮ የሁለት ቋጠሮ ጊዜ ይወስድበት ስለነበር ምሳ ሳይበላ ዋለ። ቅዳሜ ወደ ማምሻው ጋቢው ከመሥሪያው ወረደ። ኢታና በአውራ ጣቱ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰው።

«ቋጠሮው የታል?»

«አለ። ያግኙት እንግዲህ።»

ሊቀ መንበሩ ፈገግ አለ። «መሥሪያው ከርስዎ ጋር ይቆያል። የሚቀጥለው ኮታ ግን…»

«ለዛሬ ይበቃኛል፣ ጓድ።»

ቤት ሲገባ የዓለምወርቅ ትኩስ ዳቦ ቆርሳ ጠበቀችው። ዓምሃ ይዞት የመጣውን የጥርሱን ኩባያ አየው፤ ክዳኑን ለማንሳት እንኳ ክንዱ አልታዘዘውም።

«ነገ እበላበታለሁ» አላት።

እሷም ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረች አጎረሰችው፤ ከዚያም ተነሥታ የኩባያውን ውኃ ለወጠችለት።