ለዘውዴ የሚፎክር ሰው

ጀማነህ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ፤ ፈታው፤ መልሶ ቆለፈው። ለጠላት ቀብር ምን እንደሚለበስ የነገረው ሰው የለም።

እሱና ዘውዴ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ዳር ባለችው ሬይኖልድስበርግ ጎረቤት ሆነው ሲኖሩ ሰላምታቸው ሁሌም ከአንገት በላይ ነበር። በወጣትነታቸው አገር ቤት በሁለት ጎራ ተሰልፈው አንድ ኮረብታ ላይ ተታኩሰዋል። የጀማነህን ታናሽ ወንድም አምሳሉን እዚያ የገደለው ዘውዴ ነው። የአምሳሉ አስከሬን አልተነሳም፤ አልተለቀሰለትም፤ አልተፎከረለትም።

ትናንት የሟቹ የዘውዴ ልጅ ሐምራዊት ቤቱ መጥታ ነበር። እዚሁ ኮሎምበስ ተወልዳ ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጥንት ግሪኮችን የጦርነት ግጥም የምታስተምር ወጣት ናት። አባቷ ሳይፎከርለት እንዳይቀበር ተናዞላታል። ፎካሪ ደግሞ ጀግንነቱን በዓይኑ ያየ መሆን አለበት፤ ያላየ ቢፎክር የሚያምነው የለም። ከዚያ ኮረብታ ተርፎ ኦሃዮ የገባ ደግሞ ከጀማነህ በቀር ማንም የለም።

ጀማነህ «የወንድሜን ገዳይ ላሞግስ ነው ወይ?» ብሎ ጮኸባት። እሷ ዓይኗን ከዓይኑ አልነቀለችም።

«ጋሽ ጀማነህ፣ ክላስ ላይ የማስተምረው ግጥም ውስጥ ጀግኖቹ ሁሉ እንደሚሞቱ ራሳቸው ያውቃሉ። የሚቀረው ስማቸው ነው። ስማቸውን ደግሞ ከጓደኛ ይልቅ ጠላት ነው የሚያውቀው። የአባቴ ስም እርስዎ ጋ ነው ያለው።»

በሩን ከፍቶ ሸኛት።

አሁን ሞርስ ሮድ በሚባለው ጎዳና ወደ መቃብሩ እየነዳ የኮረብታውን ውጊያ ቀን አሰበው። ዘውዴ የቆሰለ ጓዱን በትከሻው ተሸክሞ በጥይት መሀል ቁልቁል ሲወርድ አንገቱን እንኳ አልደፋም። ጀማነህ አነጣጥሮ ተኩሶበት ስቶታል። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ግን ዘውዴ ዛሬ እንደ ተራ ሰው ከተቀበረ፣ አምሳሉንም የጣለው ተራ ሰው ሊሆን ነው። ይህ ሐሳብ ሲመጣበት መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

መቃብሩ ዙሪያ ለቀስተኛው ቆሟል። ሐምራዊት ገና ከሩቅ ስታየው ቀና አለች። ጀማነህ በሰዉ መሀል አልፎ ሳጥኑ ፊት ደረሰና ከዘራውን እንደ ጠመንጃ አነሳ። ፎካሪ አስቀድሞ የማን ወገን እንደሆነ ይናገራል።

«ዘራፍ! ጀማነህ፣ የአምሳሉ ወንድም!»

የአምሳሉ ስም በቀብር ላይ ሲጠራ ይህ የመጀመሪያው ነው። ጀማነህ ኩራት ተሰማው። ከዘራውን ወደ ሳጥኑ አዞረ።

«ጓዱን ተሸክሞ ሲወርድ ተኩሼ የሳትኩት ወንድ ይህ ነው!»