ዘጠነኛው ሹሩባ

ልጅቷ ወደ መስታወቱ ተጠግታ ጥርሷን ገለጠች። በመሃሉ የተሰነቀረ ነገር እንዳለ በጥፍሯ ፈለገች፣ ከንፈሯን በምላሷ አራሰች፣ ከዚያ ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ከመስታወቱ ማዶ፣ መብራቱ በጠፋ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አያቷ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነበሩ። ትንፋሻቸውን ውጠው ወደ ኋላ ሸሹ። በእጃቸው ያደገች ልጅ ዓይን ለዓይን ገጥማቸው አላየቻቸውም። የሞተ ሰው ቤቱን ሲያይ እንዲህ ይሆን እንዴ ብለው አሰቡ፤ ወዲያው ክፉ ቃል እንዳወጣ ሰው አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

"አይዞዎት እማማ፣ አታይዎትም" አለች ተመራማሪዋ። "በእሷ በኩል ተራ መስታወት ነው።"

"ተራ መስታወት! እኔ እንኳ ከእንግዲህ ቤቴ ያለውን በጨርቅ ሳልሸፍን እንቅልፍም አይወስደኝ።"

ተመራማሪዋ ሳቀች። እስክሪብቶዋን ጆሮዋ ላይ የሰካች ወጣት ናት። በሩን ዘግታባቸው ልጅቷ ወዳለችበት ክፍል ገባች።

አያት ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምረዋልና ሳያነቡ አይፈርሙም። ከሁለት ሳምንት በፊት የልጅ ልጃቸው "የዩኒቨርሲቲያችን የሥነ ልቦና ክፍል ጥናት ነው፣ ለተሳተፈ ነጥብ አለው" ብላ ቅጹን ስታመጣላቸው መነጽራቸውን ሰክተው ቃል በቃል ነበር የሄዱበት። "መላምት" የሚለውን ዘለሉት። "የቁጥጥር ቡድን" የሚለው ላይ ግን ልባቸው ስንጥቅ አለ። ስልክ አስደወሉ።

"ልጄን ቁጥጥር ሥር ልታውሉብኝ ነው?"

"ኧረ የለም እማማ! የቁጥጥር ቡድን ማለት ምንም የማናደርጋቸው፣ ለማነጻጸሪያ ብቻ የምንይዛቸው ናቸው። የእርስዎ ልጅ እነሱ ውስጥ የለችም።"

"እንግዲያ እሷን ምን ልታደርጓት ነው?"

ተመራማሪዋ ቢሮ ድረስ ጠርታ ለብቻቸው አስረዳቻቸው። አያት ከልጅቷ ልጅነት ሦስት እውነተኛ ታሪክ ለተመራማሪዋ ይነግሯታል። እሷ አራተኛ፣ የፈጠራ ታሪክ ትጨምራለች፦ በአምስት ዓመቷ ትልቅ መደብር ውስጥ ጠፍታ አንድ ሽማግሌ አገኛት የሚል። ልጅቷ አራቱንም አንብባ የምታስታውሰውን ትናገራለች። በመጨረሻም የመዝጊያ ገለጻ የሚሉት አለ፤ ያኔ እውነቱ ይነገራታል። ያልሆነ ነገር "አስታወስኩ" ትል እንደሆነ ማየት ነው ጥናቱ።

የሚፈርሙበት ወረቀት ግን እንዲህ ይል ነበር፦ "አራተኛው ታሪክም ሆነ እሱን የሚመስል ነገር በተሳታፊዋ ላይ አለመድረሱን አረጋግጣለሁ።" "እሱን የሚመስል" የሚለው ላይ እስክሪብቶው ቆመ። መደብር አልነበረም፣ አሉ በሆዳቸው። ሽማግሌም አልነበረም። እና ፈረሙ።

ባለፈው ሳምንት ልጅቷ ስለ አራተኛው ስትጠየቅ "ምንም ትዝ አይለኝም" ብላ ነበር። አያትም እፎይ ብለው ነበር። ዛሬ ሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ነው፤ ከእውነተኛ ነገር የተቀላቀለ ካለ እንዲናገሩ አያትም ከመስታወቱ ጀርባ ሆነው እንዲያዳምጡ ተጠርተዋል።

ድምፅ ማጉያው ተንኮሻኮሸ።

"መደብሩ አይመጣልኝም" አለች ልጅቷ። ድምፁ ከከንፈሯ ትንሽ ዘግይቶ ስለሚደርስ ከኋላዋ ሌላ ሰው የሚናገርላት ይመስላል። "የሚመጣልኝ ደረጃ ነው። የሲሚንቶ፣ ቀዝቃዛ። አንዲት ሴትዮ ከኋላዬ ተቀምጣ ፀጉሬን ትሠራኛለች።"

አያት ወደ ድምፅ ማጉያው ዘንበል አሉ።

"ምን ትልሽ ነበር?"

"በስም ትጠራኛለች። ስሙ የእኔ አይደለም፣ የሌላ ልጅ ነው። እኔም 'አቤት' እላታለሁ። አቤት ስላት ታለቅሳለች። እንባዋ አንገቴ ላይ ጠብ ሲል ይሞቃል፣ ወዲያው ደግሞ ይቀዘቅዛል።"

"ከዚያስ?"

"ስምንት ሹሩባ ጨረሰች። ዘጠነኛውን ግማሽ ላይ ተወችው። 'ይቺን ሌላ ቀን መጥቼ እጨርስልሻለሁ' ብላኝ ሄደች።"

አያት የወንበሩን ጠርዝ ጨበጡ። ስምንት ተኩል። በዚህች ምድር ላይ ያን ቁጥር የሚያውቅ ከእሳቸው በቀር ማንም የለም ብለው ነበር የሚኖሩት።

ያኔ፣ ልጅቷ ሕፃን ሳለች፣ የዓይን ክሊኒክ ኮሪደር ውስጥ ነበሩ። ተራቸውን ሲጠብቁ፣ ሕፃኗን ከጎናቸው አስቀምጠው ሸለብ አደረጋቸው። ሲነቁ ወንበሩ ባዶ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ እንደ እብድ ዞሩ። ከሕንፃው ጀርባ፣ ደረጃ ላይ፣ ብቻዋን ቁጭ ብላ አገኟት። ጠዋት ለሁለት ከፍለው ያሰሩላት ፀጉር በቀጫጭኑ ተሠርቷል። ማን ሠራሽ ቢሏት አፏን ከፍታ ታያቸዋለች። መጸዳጃ ቤት አስገብተው ፈቱት፤ ሲፈቱ ቆጠሩት፤ እንደ ጠዋቱ አድርገው አሰሩት። እናትየው፣ የገዛ ልጃቸው፣ "አደራ" ብላ ትታላቸው ነበር ሥራ የምትሄደው። ብትሰማ ሕፃኗን በማግስቱ ትወስድባቸዋለች። ዝም አሉ። ዝምታው አሥራ አራት ዓመት ሞላው። በዚያ ሁለት ሰዓት ውስጥ ምን እንደሆነ ይኸው ዛሬ በድምፅ ማጉያ ሰሙ።

በሩ ተከፈተ፤ ተመራማሪዋ ፊቷ በርቷል።

"ሰሙ እማማ? ከአርባ ተሳታፊ እንዲህ ርቆ የሄደ የለም! መደብሩን ጣለች፣ ሽማግሌውን ጣለች፣ የራሷን ታሪክ ሠራች። መጠየቅ ግዴታዬ ስለሆነ ነው፤ ከሌላ ቀን የተቀላቀለ ነገር ይኖር ይሆን? ደረጃ፣ ፀጉር የሠራቻት ሴት?"

"ምንም" አሉ። ቃሉ ሳያስቡት ነው ያመለጣቸው።

ተመራማሪዋ ቅጹ ላይ ባለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረገች። "እጅዎ ይንቀጠቀጣል።"

"እርጅና ነው ልጄ። እሱ ቅጽ አያስፈርምም።"

ተመራማሪዋ እየሳቀች ለመዝጊያው ገለጻ ተመለሰች። አያት በጨለማው ውስጥ ብቻቸውን ቀሩ።

"አራተኛው ታሪክ እኛ የፈጠርነው ነው" አለች በማዶ። "አልሆነም። አያትሽ ፈርመውበታል።"

ልጅቷ ሳቀች። "እማምዬ ከፈረመችማ በቃ ውሸት ነው። እሷ እንኳን በወረቀት በቀልድም አትዋሽም።" ሳቋ ሳያልቅ ቆመ። "ግን ይሰማኛል እኮ። አሁንም፣ አንገቴ ላይ።"

"ያጋጥማል። ትዝታ ባነሳነው ቁጥር እንደገና የምንሠራው ነገር ነው።"

"ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ከኋላዬ ሲቀመጥ የምሸሸውስ? እሱንም እኔው ነኝ የሠራሁት?"

ተመራማሪዋ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

"እሺ" አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። "ጭንቅላቴ እንዲህ አድርጎ የሚዋሸኝ ከሆነ ከእንግዲህ ምኑን ነው የማምነው?"

ቀና ብላ መስታወቱን አየች። ራሷን ነበር የምታየው፣ ውሸታም ሰው በሚታይበት ዓይን። ውሸታሙ ሰው ግን ከመስታወቱ ጀርባ ተቀምጦ ነበር።

እውነቱን ቢናገሩ እናትየው "አደራዬን በላሽ" ትላለች፤ አያት ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ምናልባት ደጃቸውንም አትረግጥም። ዝም ካሉ ደግሞ ማንም አይጠይቃቸውም፤ ወረቀቱ እንኳ ለእሳቸው መስክሯል።

በጣታቸው አንጓ መስታወቱን መቱት። ልጅቷ ከወንበሯ ዘለለች። "ማነው?" አለች፣ የገዛ ፊቷን እያየች።

አያት ግድግዳውን እየዳበሱ በሩን አገኙት፣ ወጡ፣ የቀጣዩን በር ሳያንኳኩ ከፈቱት። ብርሃኑ ዓይናቸውን ወጋቸው።

"እማማ! ገና አልጨረስንም እኮ" አለች ተመራማሪዋ።

"እኔም አልጨረስኩም።"

ወንበር ጎትተው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። ሁለት እጇን ያዙ፤ በረዶ ነበር።

"ያን ቀን ተኝቼ ነበር፣ ሚጡዬ" አሏት።