ለብቻ የቀረበ ሰሃን

ጽገ ምግብ ቤቷ ውስጥ አንድ ሕግ ነበራት። ሁለት ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ የሚቀርብለት አንድ ትሪ ነው፤ ተዋወቀ አልተዋወቀ ጉዳይዋ አይደለም። «ተጣልታችኋል እንዴ ሁለት ሰሃን የምትጠይቁኝ?» ትላለች። ቤቷ አስመራ፣ ዓኽርያ ሰፈር ውስጥ፣ ከአውቶቡሱ ፌርማታ ፊት ለፊት ያለች ባለ አምስት ጠረጴዛ ጠባብ ቤት ነበረች። ስም አልተጻፈባትም፤ ሰው ሁሉ እንዳ ጽገ፣ የጽገ ቤት፣ ይላት ነበር።

ዘመኑ 1972 ዓ.ም. ነው። እኔ ጋሻው ከደብረ ታቦር ተመድቤ አስመራ የሄድኩ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ጽገ ከአናጢው ከኣስገዶም ጋር አስቀመጠችኝ፤ ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ምሳዬን ከእሱ ጋር በላሁ። ኣስገዶም የእኔው እኩያ፣ ብቻውን የሚኖር፣ ነገረኛ ሰው ነው። እኔም ከእሱ አላንስም። ሳንከራከር የበላን ቀን ምግቡ አይረጋልንም። በዚያ ከተማ አማርኛ የሚናገር ባለ ኮት ሲገባ የደኅንነት ሰው ነው ተብሎ ወሬ ይቋረጣል። ኣስገዶም ግን ለእኔ ብሎ ወሬውን አቋርጦ አያውቅም። ስለዚህ ብቻ ስንት ነገሩን ችዬለታለሁ።

አንድ ሐሙስ ግን አልቻልኩም። ጥርሱን ካመመው ወር አልፎታል፤ አያስነቅለው፣ ማማረሩን አይተው። ዝግኒውን፣ የስጋ ወጡን፣ ገና ሳንጋምሰው እጄን ያዝ አደረገና፣ «ቀስ በል፣ መምህር። እኔ አንዲት ስጋ ሳኝክ አንተ ሦስት ትውጣለህ። ተማሪዎችህንም እንዲህ ነው የምትቸኩልባቸው?» አለኝ፣ ቤቱ ሁሉ እየሰማ።

ሰው ሳቀ። እኔ ደግሞ ሲስቁብኝ አልወድም። ብድግ አልኩና «ቆይ ብቻ፣ አሳይሃለሁ!» ብዬበት ወጣሁ። ምን እንደማሳየው እግዜር ይወቅ። ከእናቴ የወረስኩት ዛቻ ነው፤ እሷ ዶሮዎቿንም እንዲሁ ትላቸው ነበር።

ዓርብ ኣስገዶም አልመጣም። ቅዳሜም አልመጣም። ሰኞ ስገባ ቤቱ እረጭ አለ። ቦታዬ ስቀመጥ አጠገቤ የነበረው የአውቶቡስ ሾፌሩ ኣስፋው ጃኬቱን አንሥቶ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ተዛወረ። ጽገ ሽሮ ያለበት ትንሽ ሰሃን አመጣችና፣ ሳታየኝ፣ ፊቴ አስቀምጣ ሄደች። ያን ጊዜ ገባኝ። በዚያ ዓመት ሰው ሲጠፋ የት ሄደ አይባልም፤ ማን አስወሰደው ነው የሚባለው። እኔ ደግሞ ቤት ሙሉ ሰው እየሰማኝ ዝቼበታለሁ።

ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይሉታል ያገሬ ሰዎች። ሰሃኑን ገፋ አደረግሁት። ስሜ መጥፋቱ አናዶኛል፤ የባሰው ግን ፍርሃቴ ነበር። በእውነት ወስደውት ከሆነስ? ያችን ዛቻዬን አንድ ክፉ ጆሮ ሰምቶ ሥራ ሠርቶባት ከሆነስ? ምላሴን ብቆርጣት በወደድኩ።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ኣስገዶም ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ሓረጉ የሚሏት ጎረቤቱ ደጃፏ ላይ ልብስ ታጥባለች። ኮቴን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«እናቴ፣ አናጢው ኣስገዶም የት ሄዶ ነው?»

«ኣይፈልጦን እየ» አለች። አላውቀውም ማለቷ ነው። ግድግዳቸው አንድ ነው፤ እሱ የላገው እንጨት ፍቅፋቂ እግሯ ሥር ተበትኗል።

«ጥርሱን ያመው ነበር። ምሳውን የት እየበላ እንደሆነ ብቻ ይንገሩኝ።»

«ኣይፈልጦን።»

በማግስቱ ወሬው ከእኔ ቀድሞ እንዳ ጽገ ደርሷል። መዛቱ አልበቃው ብሎ ቤቱ ድረስ ሄዶ ይፈልገዋል ተባልኩ። ጽገ ሰሃኑን እንኳ ልታመጣልኝ አልፈቀደችም፤ ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ በአገጯ አሳየችኝ። ሌላ ቤት መብላት እችል ነበር፤ እዳጋ ሓሙስ ሰፈር ምግብ ቤት ሞልቷል። ግን መቅረት ማመን ነው ብዬ በየቀኑ ሄድኩ። ግትርነቴን የምወደው እንዲህ ላለው ቀን ነው። በየቀኑም ዓይኔ ከበሩ አይነቀልም ነበር።

ከተጣላን ልክ በሁለት ሳምንቱ፣ ሐሙስ በምሳ ሰዓት፣ በሩ ተከፈተና ኣስገዶም ገባ። ከአገጩ እስከ አናቱ ነጠላ ጠምጥሟል፤ ጉንጩ አሁንም ትንሽ እንዳበጠ ነው። ጽገ አማተበችና ያገኘችው ወንበር ላይ ዘጭ አለች። ኣስፋው «ተመስገን» ሲል ሰማሁት። ኣስገዶም ግን ቀጥ ብሎ መጥቶ የድሮ ቦታው ተቀመጠ።

«የት ጠፍተህ ነው?» አልኩት።

«ያን ቀን በንዴት ሄጄ ሦስት ጥርስ አስነቀልኩ። ፊቴ ሲያብጥ ሓዝሓዝ ሰፈር እኅቴ ቤት ተኛሁ። ተሽሎኝ ባለፈው ሐሙስ ልመጣ ነበር፤ ረቡዕ ሓረጉ ኮት የለበሰ ሰው ፈልጎሃልና እንዳትመለስ ብላ ላከችብኝ።»

«እና ተደበቅህ?»

«እወ። ውሻ በጮኸ ቁጥር አልጋ ሥር ገባሁ።»

እኔ ባልፈልገው ኖሮ በማግስቱ ይመጣ ነበር! ልናደድ ፈለግሁ፤ ንዴቱ ግን ከየት ይምጣ።

«ታዲያ ዛሬ እንዴት ወጣህ?»

«ትናንት ሓረጉ ራሷ ልትጠይቀኝ መጣች። ሰውየው ያላትን አንድ በአንድ ንገሪኝ አልኳት። ምሳውን የት እየበላ ነው ብሏል ስትለኝ ከአልጋው ተነሣሁ። ሓወይ፣ ሊያስር የሚፈልግ ሰው ይህን አይጠይቅም። ይህን የሚጠይቅ ከእኔ ጋር ከአንድ ትሪ የበላ ሰው ነው።»

ቤቱ ሁሉ ሰማው። እኔ እንባዬ መጣና ጠራረግሁት፤ ሁለት ሳምንት ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ወረደልኝ። ጽገ ሰሃኔን ከፊቴ አነሣች። አንድ ትሪ ይዛ ተመለሰችና መሃላችን አስቀመጠችው።

«ይቕረታ፣ መምህር» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር። ሽሮሽ ግን ለብቻ ሲበሉት ጨው ይበዛበታል» አልኳት። ሳቀች፤ ኣስፋውም ወንበሩን ወደ እኛ ጎተተ።

ዝግኒው ቀርቧል፤ ኣስገዶም ግን በምን ያኝከው? ለስላሳ ለስላሳውን ስጋ መረጥኩ፣ በጣቶቼ በጣጥሼ ወጥ ካራሰው እንጀራ ጋር ወደ እሱ አስጠጋሁለት። አቀርቅሮ አየውና፣ «አሳይሃለሁ ያልከው ይህንን ነው?» አለኝ።

«ዝም ብለህ ብላ» አልኩት።

እሱ አንድ ሲጎርስ እኔም አንድ እየጎረስኩ፣ ያን ቀን ምሳው አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። የከሰዓቱ ክፍለ ጊዜ አለፈኝ።