በነጻ የተሰፋ ጠርዝ

ልጅቷን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የደንብ ልብስ የሰፋሁላት እኔ ነኝ። እጅጌው ባጠራት ቁጥር ትመጣና አጠገቤ ቁጭ ብላ እጄን ስታይ ትውላለች። አድጋ፣ አስተማሪ ሆና፣ «ለከተማው ምክር ቤት ልወዳደር ነው» ስትለኝ የወለድኳት ያህል ደስ አለኝ። የቅስቀሳ ጨርቆቿን ጠርዝ ሰፋሁላትና ቦርሳዋን ስትከፍት እጇን ያዝኩ።

«ዝጊው። ከአንቺ ነው ለጠርዝ የምቀበለው?»

«እንግዲያው ስምዎን አስመዘግባለሁ፣ እትዬ። በነጻ የተሠራም እንደ መዋጮ ይቆጠራል። ሕጉ ነው።»

ሕጉ ሲወጣ ካጨበጨቡት አንዷ እኔ ነኝ። የከተማውን ግንባታ ሁሉ የሚወስደው ተቋራጭ፣ አሁን የምክር ቤቱ ወንበር ላይ ያለውን የልጅቷን ተፎካካሪ፣ ሰውዬውን፣ ኪሱ ከትቶ እንደሚዞር የማያውቅ አልነበረም፤ የሰጪው ስም ይታወቅ ስንል እሱን ማለታችን ነበር። «ጻፊው፣ ምን አሳፍሮኝ» አልኳት።

የሰጪዎች ስም ዝርዝር ይፋ ወጣ። የባሌ እህት፣ አብራኝ የምትሰፋው፣ ከስልኳ አነበበችልኝ፦ ስሜን፣ ሙያዬን፣ የሱቄን አድራሻ ሳይቀር። «ታዋቂ ሆንሽ እኮ፣ ከእንግዲህ በቀጠሮ ነው የምናገኝሽ» ብላ ሳቀች። ቀጥላ የሰውዬውን ሰጪዎች ከፈተች። ተቋራጩን ብንፈልግ፣ ብንፈልግ የለም። ገንዘቡን ሁሉ የሰጠው «የከተማችን ወዳጆች ማኅበር» ነው። ለማኅበሩ ማን እንደሰጠው ሕጉ አይጠይቅም።

«ወዳጅ ሲበዛ ስም ይጠፋል» አለች የባሌ እህት።

ሕጉ ትልቁን ሊይዝ ወጥቶ እኔን ይዞ ገባ።

ብዙም ሳይቆይ የሆስፒታሉ የግዢ ኃላፊ መጣ። የአልጋ አንሶላውንና የሐኪሞቹን ጋውን የምንሰፋው እኛ ነን፤ የባሌ እህት ሁለት ልጆቿን ያለ አባት የምታሳድገው በዚያው ነው። ሰውየው ግቡ ብንለው በር ላይ ቆሞ ቀረ።

«ሥራውን ለጊዜው አቁመነዋል፣ እትዬ።»

«ምነው፣ ስፌቱ ጎደለው?»

«ኧረ ስፌቱስ...» መሬት መሬት አየ። «እኔም ልጆች አሉኝ።»

ገባኝ፤ የተቋራጩ እጅ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ተቋራጩን መናገር ስላልቻልኩ የጨርቅ ማመልከቻውን ሳሙና ያለ ቦታው አስቀመጥሽ፣ መቀስ ጣልሽ እያልኩ የባሌ እህት ላይ ስጮህ ዋልኩ። በማግስቱ የሰው ቤት ጽዳት ሥራ ልትጠይቅ ወጣች።

ሁለቱም የስፌት መኪናዎች ሥራ አጥተው ጨርቅ ለብሰው በተቀመጡበት ሰሞን የማኅበሩ ሰው መጣ። ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ገባ። በልጄ ዕድሜ ነው፣ ግን አንቺ አለኝ።

«የሰውዬው ጨርቆች ናቸው። ጠርዙን ብቻ። ክፍያ የለውም፣ ስምሽም የትም አይወጣም። እኛ የሰጪን ምስጢር እናከብራለን።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የሆስፒታሉም ጉዳይ ይታያል።»

ጨርቁን ፊቱ ላይ ልወረውርለት አማረኝ። ዞር ስል የባሌ እህት አንገቷን ደፍታ መርፌው ላይ ክር እያስገባች ነው። ተቀበልኩት።

ጨርቁን ሰፍተን ሳንጨርስ የሆስፒታሉ አንሶላ ሥራ ተመለሰልን። ጎረቤት ግን ስሜን ያየው ከልጅቷ ሰጪዎች ዝርዝር ላይ ብቻ ነውና እጄን ጥብቅ አድርጎ ይጨብጠኛል። «እንደ እርስዎ ያለውን ደፋር ያብዛልን» ይለኛል። አሜን እላለሁ፤ ሌላ ምን እላለሁ?

ምርጫው ሲቃረብ ልጅቷን አደባባዩ ላይ አገኘኋት። የሰውዬው ጨርቅ አጥሩ ላይ ዝቅ ብሎ ተሰቅሏል፤ እሷ ጫፉን ይዛ ቆማለች። እኔ የጨርቅ ማዕዘን አልቆርጥም፤ ሁለቴ አጥፌ በሰያፍ እመላለስበታለሁ፣ ልጆች ሲጎትቱት እንዳይተረተር። በዚህ ከተማ እንደዚያ የሚሰፋ ሌላ የለም። ለእነሱ ስሰፋ እንኳ ለመቀየር አላሰብኩም፤ እጅ የለመደውን ነው የሚሠራው። ማንም አያውቀውም፣ አጠገቤ ቁጭ ብላ ካደገችው በቀር።

«በስንት ሰፉላቸው?» አለችኝ።

«በነጻ።»

ጫፉን ለቀቀችው። «ስምዎ አልወጣም።»

«አልወጣም። እነሱስ ቃላቸውን ጠብቀዋል።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። ልጅ ሳለች እንደምታደርገው ጉንጬን ልትስመኝ ጎንበስ አለች፤ ከዚያ ግራ ቀኙን አየችና ቀና አለች።

«ሰው ያየናል፣ እትዬ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ከእኔ ጋር ካዩዎት ሥራዎን ይነሱዎታል።»

ሳትስመኝ ሄደች። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፤ ስድቡን እችለው ነበር።