ጓንዡ ሳይገባ አይጠረግም

ሰው መንገድ ከወጣ፣ ደረሰ እስኪባል ቤት አይጠረግም። እማዬ ይህን ከወሎ ይዛው መጥታ ጌጃ ሰፈር ተከለችው። ወንድሜ ሱፍያን አዋሳ ሲሄድ ችግር አልነበረውም፤ ከሰዓት በኋላ ደውሎ "ገባሁ" ይላል፣ እኔም እጠርጋለሁ። አሁን ግን ለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ ቻይና፣ ጓንዡ ድረስ ሄደ። ያውም የአብዱልሃኪም ሽማግሌዎች እኔን ሊጠይቁ በሚመጡበት ቀን ጠዋት! ከሌላው ቀን ሁሉ መርጦ።

ቤቱን እንዴት አድርጎት እንደሄደ ደግሞ አትጠይቁኝ። ለጓደኞቹ የያዘው የበርበሬ ፌስታል ሻንጣው ሲታሰር ተቀዶ በርበሬው ወለሉን ሞልቶታል። የካርቶን ቁራጭና የዳቦ ቆሎ ፍርፋሪ የሌለበት ቦታ የለም። መጥረጊያ ባነሳ እማዬ ቀማችኝ።

"ልጄ አየር ላይ ነው።"

"እማዬ፣ ሽማግሌዎቹ በዘጠኝ ሰዓት ይመጣሉ! እሱ ጓንዡ የሚገባው ነገ ጠዋት ነው!"

"እንግዲያው ነገ ጠዋት ትጠርጊያለሽ።"

አባዬን ለእርዳታ ጠራሁት። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና የነዳ ሰው ስለሆነ የመንገድ ነገር ሲነሳ ዝም አይልም።

"ዱባይ ላይ አውሮፕላን ይቀይራል" አለ። "እዚያ በስምንት ሰዓት ያርፋል። ያኔ ደረሰ ብለን እንጠርጋለን።"

ልስመው ምንም አልቀረኝ። እማዬ ግን ፊቷን እንኳ አላዞረችም።

"አንተ ሰውዬ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ሻይ የጠጣ ሰው ደሴ ገባ ይባላል?"

አባዬ ደብረ ብርሃን ላይ ስንት ሻይ የጠጣ ሰው ነውና ወደ እኔ ዞሮ ትከሻውን ሰበቀ።

መልቀም መጥረግ አይደለም ብዬ ተንበረከክሁና ካርቶኑን በእጄ ለቀምሁ። በርበሬ ግን አይለቀምም።

ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ። መሪያቸው ሐጂ ሁመድ ነጭ ካልሲ አድርገዋል። ገና ሳይቀመጡ አነጠሳቸው፤ ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ቀጥሎ ሦስተኛው። አልሐምዱሊላህና የርሐሙከላህ ሲባባሉ የመጡበት ጉዳይ ተረሳ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሁሉንም እሰማለሁ። አብዱልሃኪምን እወደዋለሁ፤ በአንድ ፌስታል በርበሬ ላጣው ነው።

ሐጂ ሁመድ በመጨረሻ የቀላውን ካልሲያቸውን አዩት።

"እህቴ፣ ልጅቷ መጥረጊያ አታውቅም እንዴ?"

በቃ፣ አለቀልኝ አልሁ። እማዬ ሳትሸማቀቅ ነገሩን አስረዳቻቸው። እሳቸው ካልሲያቸውን አራገፉ።

"እኔ ጂዳ ስመላለስ" አሉ ኋላ፣ "ሚስቴ ታክሲው ሳይነሳ ነበር የምትጠርገው።" ተከዙ፤ እንደገና አነጠሳቸው። "እንዲህ ካለ ቤት ነው ሴት ልጅ የምትጠየቀው። ልጃችሁን ስጡን።"

ሰጡኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሱፍያን "ገባሁ" ብሎ ደወለ። መጥረጊያውን ራሷ እማዬ አቀበለችኝ፤ ግን ቶሎ አልለቀቀችውም።

"ከሠርጉም በኋላ አልጠርግም" አለች።

"እማዬ፣ የአብዱልሃኪም ቤት ያለበት አብነት ሰፈር እኮ በእግር የሚኬድበት ነው! አንቺ መጥረጊያውን ሳታነሺ እደርሳለሁ።"

"ጓንዡስ ጎማው መሬት ሲነካ ይታወቃል፤ ትዳር መድረስሽን በምን አውቃለሁ?"

ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ ጋር እንባዬም መጣ። አቀፍኋት።

"ስደርስ እደውልልሻለሁ" አልኋት።

"ደብረ ብርሃን ላይ ሆነሽ እንዳትደውዪ" አለችኝ።