ሲቀነስ ሥራ

ሙኒራ ቴርሞዳይናሚክስን ሁለት ጊዜ ወድቃለች። በመጀመሪያው ከሃያው ሰባት፣ በሁለተኛው ስድስት ተኩል አገኘች። ሦስተኛው የመጨረሻ ዕድሏ ነበር፤ ከዐሥር በታች ካመጣች ዩኒቨርሲቲው ያሰናብታታል። ከተሰናበተች ደግሞ የመኖሪያ ወረቀቷ አይታደስም፤ በየዓመቱ የሚታደስላት የተማሪነት ማስረጃ እያቀረበች ነው። ጅቡቲ ተወልዳ፣ ጅቡቲ አድጋ፣ አንድ ቀን እንኳ ወዳላየችው ኢትዮጵያ ትመለሳለች ማለት ነው። ያላዩት አገር እንዴት እንደሚመለሱ አላውቅም፤ ሲባል የምሰማው ግን እንደዚያ ነው።

ይህን የነገሩኝ እናቷ ናቸው። እትዬ ማይሙና ከከሚሴ ከመጡ ሃያ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ባሕሩ ዳር ካሉት ቪላዎች በአንዱ፣ የውጭ አገር ሰዎች ቤት፣ እዚያው እያደሩ ይሠራሉ። የሚያርፉት ዓርብ ብቻ ነው። ዓርብ ዓርብ ካርቲየ 3 የሚባለው ሰፈር ወዳለው የአጎቴ የዓብዱሰመድ ሱቅ እየመጡ በርበሬና ሽሮ ይገዛሉ። ድሬዳዋ ኬሚስትሪ መማሬን ከአጎቴ ሰምተው ኖሮ፣ አንድ ዓርብ ሩዝ እየመዘንኩ ሳለ ልጃቸውን እንዳስጠናላቸው ጠየቁኝ።

መማሬ እውነት ነው። ዲግሪዬ ከሩዝ ጆንያዎቹ በላይ ተሰቅሏል፤ የሰቀለው አጎቴ ነው። ሦስት ቦታ ሥራ አመልክቼ ሦስቱም የአቻ ግምት አምጪ አሉኝ። የአቻ ግምቱን ከጠየቅኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ስለዚህ እሺ ያልኩት ከደግነት አይደለም። አራት ዓመት የለፋሁበትን ነገር አንድ ሰው እንዲጠይቀኝ እፈልግ ነበር።

ክፍያ አልቀበልም አልኩ። እትዬ ማይሙና በነጻ አይሆንም አሉ። ተከራክረን ተከራክረን በየዓርቡ የሱቁን ወለል ሊያጥቡልን ተስማማን። ስድስት ቀን የሰው ቤት ወለል የሚያጥቡ ሴት በሰባተኛው የእኛን ሊያጥቡ ነው። ነውር መሆኑን አውቅ ነበር፤ ግን ክርክሩ ሰለቸኝና ተውኩት።

የምናጠናው የዕለቱ ጫት ከተማ ከገባ በኋላ ነበር። ከሰባት እስከ ዐሥር ሰዓት ከተማው ይዘጋል። አጎቴ ጓዳ ገብቶ ይቅማል፤ እኔና ሙኒራ የሱቁን መዝጊያ ግማሽ ድረስ አውርደን ቬንቲላተሩ ሥር እንቀመጣለን። የምትመጣው ከከተማው ዳር፣ ከባልባላ፣ በሚኒባስ ነው፤ እዚያ ከሁለት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተጋርታ ትኖራለች። ስትደርስ ሻሿ ላብ ጠጥቶ ከአንገቷ ተጣብቆ፣ ደብተሯ ግን በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ ደረቅ ነው።

እሷ ቃሉን በፈረንሳይኛ ትለዋለች፣ እኔ በእንግሊዝኛ፣ ከዚያ አማርኛ ላይ እንገናኛለን። በሦስተኛው ቀን ችግሯ ገባኝ። ሒሳቡን ትችላለች፤ ጋዙ አይታያትም። የአጎቴን ማቀዝቀዣ ከግድግዳው ሳብ አድርጌ ጀርባውን በእጇ አስነካኋትና ሙቀቱ ከየት እንደመጣ ጠየቅኳት። ከሞተሩ አለች። ሌላስ ከየት? የማቀዝቀዣውን በር ከፍታ ውስጥ የተደረደሩትን የውሃ ጠርሙሶች አየች፣ እንደገና ጀርባውን ነካች፣ ፊቷ በራ። አጎቴ ከጓዳ ሆኖ ዕቃ የሚያበላሹ ምሁራን ሱቁ ውስጥ እንደማይፈልግ አስታወቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈጠነች።

የማስተምራት ከራሴ ደብተር ነው። እኛ ስንማር መጽሐፉ ለአርባ ሰው አንድ ነበር፤ ከእኛ በፊት ካለፉት የወረስነውን ሃንድአውት እየገለበጥን ነው የተመረቅነው። የደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በቀይ የተከበበ ቀመር አለ። የውስጥ ጉልበት ለውጥ ማለት ሙቀት ሲቀነስ ሥራ ነው።

«የእኛ ላይ ሲደመር ነው የሚለው» አለች ሙኒራ።

«ማን ነው ያለው?»

«ፕሮፌሰሩ። ይኸው፣ ገጽ አንድ።»

አየሁት። ሙቀት ሲደመር ሥራ ይላል። ስትገለብጥ የተሳሳተች መሰለኝ። ሁለት ጊዜ የወደቀ ሰው ደብተር ነው፤ ስሕተት ባይኖርበት ነበር የሚገርመኝ።

«እናትሽ ቀኑን ሙሉ ሠርተው ሲጨርሱ ጉልበታቸው ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?»

ሳቀች። «ይቀንሳል።»

«ጋዙም ፒስተኑን ሲገፋ ሠራ ማለት ነው። ማን ነው የሚደምርለት?»

«እሺ፣ ማዳም።»

ልታበሽቀኝ ሲያሰኛት ማዳም ትለኛለች፤ እናቷ አሠሪያቸውን የሚጠሩት እንደዚያ ነው። ግን አልተወችውም። እርሳሷን እየነከሰች፣ ምናልባት እነሱ ሥራ የሚሉት ከእኛ የተለየ እንደሆነስ ብላ ጠየቀችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነበር። ያን ቀን ግን ዘጠኝ ተኩል አልፏል፤ ሦስት ጥያቄ ቀርቶናል፤ ዐሥር ሰዓት ላይ መዝጊያውን ማንሣት አለብኝ። ጥያቄ የምታበዢው ለማስላት ስለሰነፍሽ ነው አልኳት። የማጥፊያ ቀለም ከመደርደሪያ አንሥቼ ሰጠኋትና በደብተሯ ውስጥ ሲደመር ያለበትን ሁሉ አጥፍታ ሲቀነስ እንድትጽፍ አደረግኩ። ዐሥራ አንድ ቦታ ነበር። እየቆጠረች አጠፋችው።

ፈተናው በሰኔ ነበር። ሁሉንም ሠርታ መውጣቷን በስልክ ነገረችኝ፤ ከዚህ በፊት ጨርሳ አታውቅም። ከዐሥር ቀን በኋላ ውጤቱ ተለጠፈ። ስምንት ተኩል።

የታረመ ወረቀት ማየት ይፈቀዳል። አብሬያት ሄድኩ፤ ጥፋቱ የአራሚው ነው ብዬ ለመሟገት ተዘጋጅቼ ነበር። መምህሩ ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልን። የመጀመሪያው ጥያቄ ብቻውን ዐሥራ ሁለት ነጥብ ይዟል፤ ስለ አንድ ሞተር ነው። ሥራው በቁጥር ተሰጥቷል። እነሱ ዘንድ የሚቆጠረው ጋዙ የተቀበለው ሥራ ነው፤ ጋዙ ራሱ ሲሠራ ቁጥሩ ቀድሞውኑ የመቀነስ ምልክት ይዞ ይመጣል፤ ከዚያ ይደመራል። ሙኒራ ተቀናሹን ቁጥር ይዛ በእኔ ቀመር እንደገና ቀነሰችው። የገባው ሙቀት ከሚገባው በታች ወጣ። ከዚያ ወዲህ ያለው ስሌት ሁሉ አንድም ዝንፍ ሳይል የተሳሳተውን ቁጥር ተከትሎ ይወርዳል። መጨረሻ ላይ ሞተሩ ከገባለት ሙቀት የበለጠ ሥራ ሠራ።

ከመልሱ አጠገብ በእርሳስ፣ በትንሹ፣ አንድ ነገር ጽፋለች። መምህሩ ጣቱን አስጠግቶ አነበበው። «ይህ ሊሆን አይችልም» ይላል።

ይህን አጻጻፍ የት እንደተማረች ጠየቃት። ሙኒራ መሬት መሬት አየች። እኔ ነኝ ያስተማርኳት አልኩ። ፈረንሳይኛዬ ዋጋ ለመጥራትና ሰላም ለማለት ነው የሚበቃው፤ የቀረውን ሙኒራ ተረጎመችልኝ። ጥፋቴን የምናዘዘው እኔ ሆኜ፣ የምትተረጉመው እሷ። ሁለቱም አጻጻፍ ትክክል ነው አለ መምህሩ፤ ሁለቱን ማደባለቅ ነው የማይቻለው። የፈተና ኮሚቴው ግን ውጤቱን ፈርሞ ዘግቷል። ሊረዳን የፈለገ ይመስለኛል፤ ግን የሚረዳበት ነገር አልነበረውም።

ስንወጣ ደረጃው ላይ ሙኒራ ቆመች።

«ጠይቄሽ ነበር» አለች።

«አዎ።»

የባልባላ ሚኒባስ ሲመጣ ደብተሯን በፌስታሉ ጠቀለለችና ተሳፈረች።

ዓርብ እትዬ ማይሙና መጡ። በርበሬ አልገዙም። ባልዲውን ሞልተው፣ ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው፣ እንደ ወትሮው ከበሩ ጀመሩ። አይጠቡ አልኳቸው። ወሬውን ሙኒራ ነግራቸዋለች፤ ምክንያቱን ግን አልነገረቻቸውም። ደክሞኝ ተሳሳትኩ ነው ያለቻቸው። እኔ ነገርኳቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እሷ በትክክል ጽፋው ነበር፤ እኔ ነኝ ያስጠፋኋት አልኩ።

ጨርቁን ጨምቀው ቀና አሉ። «የአንቺኛው ውሸት ነበር?»

«አይደለም። እኛ የተማርነው እንደዚያ ነው።»

«ኢትዮጵያ ውስጥ ልክ ነው?»

«ልክ ነው።»

አሰቡ። ሲያስቡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። «እንግዲያው እዚያ ታልፍበታለች» አሉ።

እዚያ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ሙኒራ እንግሊዝኛ አትችልም። የፈረንሳይኛ ሰርተፊኬቷን ይዛ ሄዳ የአቻ ግምት አምጪ ትባላለች፤ እሱን ስትጠብቅ አንድ ሱቅ ውስጥ ሩዝ ትመዝናለች፤ የምታድርበትን ቤት እንኳ የሚያውቅላት የለም፤ ከሚሴ የነበራቸው አንድ ዘመድ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሁሉንም በተራ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ይህን ማስረዳት እችልበታለሁ፤ ከቴርሞዳይናሚክስም ይቀላል።

እትዬ ማይሙና አጎንብሰው እኔ የተቀመጥኩበት ጋ ደርሰው ነበር።

«እግርሽን አንሺ» አሉኝ።

አነሣሁ።